ከውጭ የመጣ ድምፅና ከውስጥ የተወለደ ድምፅ

ሰው በልቡ የሚሰማው ቃል በእውነት ከውጭ፣ ማለት ከእግዚአብሔር ወይም ከባልንጀራው ወይም ከፍጥረት የመጣ እንደ ሆነ፣ ወይስ ልቡ ራሱ ከመጨናነቁ የተነሣ ወልዶ ለራሱ የሚያሰማው እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ይህ ጥያቄ መናንያንንና ሊቃውንትን ብቻ ሳይሆን፣ በጸሎት ጊዜ አንድ ሐሳብ ድንገት መጥቶ እንደ ትእዛዝ የጸናበትን ተራ ምእመን ሁሉ ሲያስጨንቅ የኖረ ነው። መጻሕፍተ መነኮሳት የሚባሉት ሦስቱ፣ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ ሐሳብን ከሐሳብ መለየትን ከታላላቆቹ የገዳም ተጋድሎዎች አንዱ አድርገው ያስተምራሉ። በእስልምናም በኩል እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት ኢማም አል ገዛሊ ስለ ልብ ምሥጢር በጻፉት ክፍል፣ ወደ ሰው ልብ የሚገባው ሐሳብ ከመልአክ ይሁን ወይም ከሰይጣን ወስዋስ ይሁን መመርመር እንደሚገባ በሰፊው አስረድተዋል።

ለዚህ ጥያቄ እኔ ምስክር አድርጌ ላቀርበው የምወደው ነገር ከገዳምም ከመድረሳም የወጣ አይደለም፤ በሬዲዮ ተቀባይ መግቢያ ላይ የምትቀመጥ፣ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ አንዲት ቺፕ ናት። ከፍጥረት ምሥጢርን መማር ለሊቃውንቶቻችን እንግዳ አይደለም፤ ከጥንት ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ አራዊትንና አዕዋፍን አንድ በአንድ እየጠራ ምሥጢረ ሃይማኖትን ያስተምር የለምን? ሰው በእጁ የሠራውም ዕቃ ቢሆን፣ ፈጣሪ ለፍጥረት የወሰነውን ሕግ ጠብቆ ካልሆነ በቀር የማይሠራ ስለ ሆነ፣ በትዕግሥት ለጠየቀው ሰው የሚመሰክረው ነገር አያጣም።

ይህን ነገር ያስተዋልሁት በጀልዴሳ ነው። ጀልዴሳ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ገጠር ያለች ትንሽ የቆላ ከተማ ብትሆንም፣ የምድር ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ የንግዱን መንገድ ሳያርቅባት በፊት፣ ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚወጣው ሲራራ የሚያልፍባት የሐረር ደጃፍ ነበረች። ግብፆች ሐረርን በያዙበት ከ1875 እስከ 1885 ባለው ዘመንም ሆነ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ከተማይቱን ከያዙ በኋላ፣ በጀልዴሳ ዘብ ይቆም ነበር፤ ከባሕር የመጣው እንግዳ ከሐረር ፈቃድ እስኪመጣለት ድረስ በዚያ ይቆያል፤ በግመል የመጣውም ጭነት ተራግፎ ዳገቱን ለሚወጡት በቅሎዎችና አህዮች እንደ የዐቅማቸው ይከፋፈላል። ከወደብ የተነሣው ሁሉ እንዳለ በአንድ ጊዜ በሐረር ቅጥር በጀጎል በር ቢገባ ኖሮ፣ ከተማይቱ ከገባባት ነገር የትኛው ሲሳይ፣ የትኛው ጥፋት እንደ ሆነ ለይታ ባላወቀችም ነበር። በከተማ ፊት የሚቆም ደጃፍ የሚሠራውን ሥራ ያች ቺፕ በተቀባዩ ፊት ቆማ ትሠራዋለች።

ስሟ በሬዲዮ መሐንዲሶች ዘንድ ዲጂታል ስቴፕ አቴንዌተር ነው፤ ከአንቴና የመጣውን ኃይል ወደ ማጉያው ከመግባቱ በፊት በታዘዘችው ልክ ትቀንሰዋለች። ለምሳሌ ፔሪግሪን ሴሚኮንዳክተር የተባለው ኩባንያ ያወጣት ፒ.ኢ. 4302 በየጎኗ 4 ሚሊሜትር ብቻ ስትሆን በውስጧ ስድስት የመቀነሻ ክፍሎች አሏት፤ እነርሱም 0.5፣ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ዴሲቤል የሚቀንሱ ናቸው። እያንዳንዱ ክፍል በአንድ ቢት «ግባ» ወይም «ውጣ» ስለሚባል፣ ከባዶ አንሥቶ እስከ 31.5 ዴሲቤል ድረስ በግማሽ በግማሽ ዴሲቤል የሚራመዱ 64 መጠኖች ይገኛሉ። ዴሲቤል ማባዛትን ወደ መደመር የሚመልስ መስፈሪያ ነውና፣ 3 ዴሲቤል ሲቀነስ ኃይሉ ወደ እኩሌታ፣ 10 ሲቀነስ ወደ ዐሥረኛ እጅ፣ 30 ሲቀነስ ወደ ሺህኛ እጅ ይወርዳል። የተቀነሰው ኃይል ወደ መጣበት ተመልሶ ሁከት አይፈጥርም፤ የቺፕዋ መግቢያና መውጫ ከመስመሩ ጋራ በ50 ኦም የተስማማ ስለ ሆነ፣ ትርፉ በሬዚስተሮቹ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። «ምንም አትቀንሺ» ተብላ ሳለች እንኳ ወደ 1.5 ዴሲቤል የሚጠጋ ኃይል በእርሷ ውስጥ ይጠፋል፤ ደጃፍ በመኖሩ ብቻ የሚከፈል ዋጋ ይህ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ተቀባይ የሚሠራው ሩቁንና ደካማውን ድምፅ ለመስማት ከሆነ፣ የመጣውን ድምፅ በደጃፍ መቀነስ ምን ጥበብ አለበት? ይልቁንም ቺፕዋ ብርቱውንም ደካማውንም ሳታዳላ በእኩል ልክ የምትቀንስ ከሆነች፣ ለደካማው ምን ትረዳዋለች?

መልሱ ያለው በማጉያው ጠባይ ነው። ማንኛውም ማጉያ የዐቅም ወሰን አለው፤ ከዚያ ሲያልፍበት የሰማውን እንደ ሰማው መድገም ይሳነዋል። ሁለት ብርቱ ጣቢያዎች፣ አንደኛው ለምሳሌ በ999፣ ሁለተኛው በ1098 ኪሎኸርትዝ ቢናገሩ፣ የተጨናነቀው ማጉያ በ900ና በ1197 ኪሎኸርትዝ ማንም ያልተናገረውን ድምፅ ወልዶ ያሰማል፤ እነዚህ ቍጥሮች የሚገኙት የአንደኛውን እጥፍ ወስዶ ሁለተኛውን በመቀነስ ነው። መካከለኛው ሞገድ በእኛ የዓለም ክፍል በየ9 ኪሎኸርትዝ የተደለደለ ስለ ሆነ፣ ይህ የተወለደው ድምፅ በዘፈቀደ ቦታ አይወድቅም፤ ለእውነተኛ ጣቢያ በተመደበ ወንበር ላይ በትክክል ይቀመጣል። ከራሱ የሆነ አንዲት ቃል ግን የለውም፤ ያለው ሁሉ ከሁለቱ እውነተኞች ተውጣጥቶ የተደባለቀ ነው።

የዚህ ሐሰተኛ ድምፅ ሕግ ግን ድንቅ ነው። እውነተኛው በ1 ዴሲቤል ሲቀነስ እርሱ በ3 ይቀነሳል። በደጃፉ 10 ዴሲቤል ያገባ ሰው እውነተኛውን ወደ ዐሥረኛ እጅ ሲያወርደው ሐሰተኛውን ወደ ሺህኛ እጅ አውርዶታል፤ በሐሰቱ ተሸፍኖ የነበረው ደካማ ጣቢያም፣ ራሱም ተቀንሶ ሳለ፣ ከበፊቱ ይልቅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ቺፕዋ ለማንም አላደላችም፤ ሐሰቱ የሚኖረው በመትረፍረፍ ስለ ሆነ መትረፍረፉ ሲቀርበት በሦስት እጥፍ ልክ ይከስማል። ስለዚህ ልምድ ያለው የሬዲዮ ሰው አንድ ያጠራጠረውን ድምፅ ሲሰማ የድምፁን ይዘት ከመመርመሩ በፊት ጥቂት ዴሲቤል ያገባና የተቀባዩን የኃይል መለኪያ ይመለከታል፤ ድምፁ ባገባው ልክ ከወረደ ከውጭ የመጣ ነው፤ ሦስት እጥፍ ከወረደ ግን በተቀባዩ ውስጥ የተወለደ ነው።

በጀልዴሳ የሆነው እንዲህ ነበር። መካከለኛ ሞገድ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ከላይኛው የአየር ክፍል እየነጠረ ሩቅ ስለሚደርስ፣ በዚያ ቆላ በሌሊት የቀይ ባሕርንና የዐረብን አገር የሶማሌንም ምድር ጣቢያዎች መስማት ይቻላል። ሽቦውን በግራር ላይ ዘርግተን ተቀባዩን ስንከፍት፣ የአንድ ሰው ስብከትና የአንድ ዘፈን ከበሮ እርስ በርሳቸው እየተዋዋጡ በአንድ ቦታ ተሰሙ። ከዒሻ ሶላት የተመለሱ አንድ ሐጂ አጠገባችን ተቀምጠው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይኼ የማን አገር ሬዲዮ ነው?» አሉኝ። በተቀባያችን መግቢያ ያለችውን ቺፕ 4 ዴሲቤል እንድትቀንስ አዘዝኋት፤ ጎረቤት ያለው እውነተኛ ጣቢያ በመለኪያው ላይ 4 ሲወርድ ያ ድብልቅ ድምፅ 12 ያህል ወርዶ ሊሰማ እስከማይችል ጠፋ። «የማንም አገር አይደለም፣ ሐጂ፤ እዚሁ ሣጥን ውስጥ የተወለደ ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም ነገሩን ለማመን አልቸኮሉም፤ «እስቲ መልሰው፤ ደግሞ ቀንሰው» እያሉ ደጋግመው አስደረጉኝ፤ በየጊዜውም ድምፁ ሲመጣና ሲሄድ ጆሯቸውን ወደ ማዳመጫው አዘንብለው ይከታተሉ ነበር።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ስለ ጾም ያለኝ አሳብ ተለወጠ። ጾምን ብዙዎቻችን እንደ ቅጣት ወይም እንደ ግብር እንቈጥረዋለን፤ ሥጋ የበደለውን የሚከፍልበት፣ ወይም ነፍስ ለፈጣሪዋ የምታገባው ዕዳ ይመስለናል። እኔ ግን አሁን እንደሚታየኝ፣ ጾም ከሁሉ በፊት የመመርመሪያ መሣሪያ ነው። ሰው በጥጋብ፣ በቍጣ፣ በውዳሴ፣ በወሬ ብዛት ልቡ ሲጨናነቅ፣ ከሰማቸው ከሁለት እውነቶች ማንም ያልተናገረውን ሦስተኛ ነገር ይወልዳል፤ ያም ነገር የእውነትን ቃላት የለበሰ ስለ ሆነ፣ በእውነትም ወንበር ላይ ስለሚቀመጥ፣ ሰውየው «እግዚአብሔር ተናገረኝ» ብሎ ይነሣል። የጾመ ሰው መልካሙንም ሐሳብ ደብዝዞ ሊያገኘው ይችላል፤ ከመጨናነቅ የተወለደው ግን ይልቁን ይከስማል። ከገቢው ጋራ በልክ የሚቀንሰውን ከሦስት እጥፍ ከሚወድቀው ለይቶ ማየት የሚቻለው ደግሞ በደጃፍ የሚቀንስ እጅ ሲኖር ብቻ ነው።

ነገር ግን ይህን እጅ ማን ያዝዘዋል? ቺፕዋን የሚቈጣጠረው ማይክሮኮንትሮለር በሦስት መስመሮች ይናገራታል፤ አንደኛው ቢቱን ያቀርባል፣ ክሎክ የሚባለው ሁለተኛው በየምቱ ያስገባዋል፣ ሦስተኛው ላች ይባላል። ስድስቱ ቢቶች አንድ በአንድ ገብተው በማቆያ መዝገቡ ይሰለፋሉ፤ እስከዚህ ድረስ ግን በሚያልፈው ድምፅ ላይ አንዳች የተለወጠ ነገር የለም። ላቹ ከፍ ብሎ የተሰለፈው ትእዛዝ ሲጸና ነው በሮቹ የሚዘጉትና የሚከፈቱት። አባቶቻችን የሰውን ሥራ ኀልዮ፣ ነቢብና ገቢር ብለው ሲከፍሉ፣ ሐሳብ ወደ ልብ መግባቱንና ፈቃድ ተቀብሎ ማጽናቱን ለይተው ማስተማራቸው ምን ያህል ጥልቅ እንደ ሆነ እዚህ ላይ ይታያል፤ በመዝገቡ የተሰለፈ ሁሉ የእኔ ሥራ አይደለም፣ ላቹን ያነሣሁበት ግን የእኔ ነው።

በዚሁ አቈጣጠር ላይ መሐንዲሶችን የሚያስቸግራቸው አንድ ነገር አለ። ከ15.5 ወደ 16 ዴሲቤል መሄድ የግማሽ ዴሲቤል ለውጥ ብቻ ነው፤ ሆኖም አምስቱ ትንንሾች በሙሉ ወጥተው ትልቁ ብቻውን መግባት ስላለበት ስድስቱም በሮች ይገለበጣሉ፤ በሮቹም ፍጹም በአንድ ቅጽበት ስለማይንቀሳቀሱ፣ በመካከሉ ሁሉም የተዘጉ ወይም ሁሉም የተከፈቱ የሚመስሉባት አጭር ጊዜ ትገኛለች። መሐንዲሱ በዚያች ቅጽበት የሚሰማውን አይቈጥረውም። እኔም አዲስ ሥርዓት የጀመረ ሰው፣ ለውጡ በውጭ ሲታይ ጥቂት ቢመስል እንኳ፣ በጀመረበት ቀን በልቡ የሚሰማውን ድምፅ እንደ ፍርድ እንዲይዘው አልመክረውም።

በዘርአ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ፣ ስለ ጸሐፊው ማንነት ሊቃውንት ቢከራከሩም፣ የጾምን ሕግ የፈጣሪ ትእዛዝ ሳይሆን የሰው ሥርዓት ነው ብሎ እንደሚነቅፍ የታወቀ ነው፤ ፈጣሪ ልቡናን ብርሃን አድርጎ ሰጥቶናልና በእርሱ እንመርምር ይላል። ይህ ነቀፋ በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ጾም ያለ ልቡና ቢጾም ቺፕዋ ያለ መለኪያ እንደ መቀመጧ ነውና። ይሁን እንጂ ያው ሐተታ ዘርአ ያዕቆብ ከስደቱ የተነሣ ሁለት ዓመት በዋሻ ብቻውን እንደ ተቀመጠና ይህን ሁሉ አሳብ በዚያ እንዳገኘ ይተርካል። ከክርክሩ ጫጫታ፣ ከካቶሊክና ከተዋሕዶ ጠብ ርቆ በገደል ሥር የተቀመጠ ሰው በደጃፉ ብዙ ዴሲቤል አግብቷል፤ ሕጉን ነቅፎ ሥራውን ሠራው ማለት ነው። እኔ ከእርሱ ጋራ የምለያየው ልቡና ብርሃን መሆኑን በመጠራጠሬ አይደለም፤ ብርሃን የሆነው ልቡና ራሱ ከዐቅሙ በላይ ሲጫንበት የሚወልደውን ሐሰት ብቻውን ሆኖ ከውስጥ አያየውም ብዬ ስለማምን ነው።

ከዚህ የሚከብድብኝ የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ ንጉሡ በተመስጦ ሆኖ የጦሩን ጫፍ በያሬድ እግር ላይ ተክሎት፣ ደሙ እስኪፈስ ድረስ ወጊውም ተወጊውም እንዳላወቁ ይተረካል። በአንድ ብርቱ ድምፅ ሌላው ሁሉ መሸፈኑ በተቀባይ ላይ ቢደርስ ጉድለት እንለዋለን፤ በያሬድ ላይ ግን ቤተ ክርስቲያን ቅድስና ትለዋለች፣ እኔም ከእርሷ ጋራ ነኝ። ታዲያ መጥኖ መስማት ምን ቀረው? መልሱን የማገኘው ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በኋላ በሄዱበት መንገድ ነው። ያሬድ ንጉሡን አስፈቅዶ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ በብሕትውና ኖረ፤ ንጉሡ ግን በዙፋኑ ቀረ። አንድን ድምፅ ብቻ ሊሰማ የተጠራ ሰው ደጃፍ አያስፈልገው ይሆናል። ንጉሥ፣ ዳኛ፣ አባት፣ መምህር፣ ብዙዎችን ሊሰማ የተሾመ ሁሉ ግን በብርቱው ድምፅ ሲጨናነቅ የሚጠፋበት የደካማው ድምፅ ነው፤ ለእርሱ መጥኖ መስማት ከራሱ መንፈሳዊነት ይልቅ የድኻው መብት ነው።

መቀነስ ሲበዛም ሌላ ጥፋት አለ። ጆንሰን የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1928 ለክቶ፣ ናይኲስትም በሒሳብ አስረድቶ እንዳሳዩት፣ ሙቀት ያለው ሬዚስተር ሁሉ ከሙቀቱ የተነሣ የማያቋርጥ ሹክሹክታ አለው፤ በደጃፍ 20 ዴሲቤል ያገባ ሰው የሩቁን ጣቢያ ከዚህ ከራሱ ሹክሹክታ በታች ሊቀብረው ይችላል። ከልክ ያለፈ ተጋድሎ የሚያደርግ ሰው የዓለምን ድምፅ ሁሉ ዘግቶ በመጨረሻ የሚሰማው የራሱን ሕዋሳት ጩኸት መሆኑን የገዳም አባቶች ያውቁታል፤ ጀማሪው ያለ መምህር ፈቃድ ጾሙን እንዳያጸና መከልከላቸውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ሐጂው «መልሰው፤ ደግሞ ቀንሰው» ያሉት ዋናውን ነገር የያዘ ነበር። ድምፁን የሚገልጠው መጠኑ ሳይሆን የመጠኑ መለዋወጥ ነው፤ ሁልጊዜ 4 ዴሲቤል ገብቶበት የሚኖር ተቀባይ የትኛው ድምፅ ከውጭ፣ የትኛው ከውስጥ እንደ ሆነ አይነግረንም። ቤተ ክርስቲያናችን 55 ቀን ከጾመች በኋላ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብን እንኳ ሳትጾም በፍስክ የምትቈየው፣ ሙስሊሞችም በረመዳን በየማታው አፍጥረው በዒድ ቀን መጾምን የሚከለክሉት ስለ ደስታ ብቻ አይመስለኝም። በጾምም በፍስክም በልቡ ሳይጠፋ ሲናገር የቈየውን ድምፅ፣ በፍስክ ገንኖ በጾም ከተሰወረው ጋራ አስተያይቶ ማወቅ የሚችለው ሁለቱንም ወራት በታማኝነት ያሳለፈ ሰው ነው።

ሆኖም ፈተናው የማይደርስበት ቦታ አለ፤ ይህንም መሸሸግ አይገባኝም። በዚያው በጀልዴሳ 4 ዴሲቤል ሲገባበት 4 ብቻ የወረደ ሌላ ድብልቅ ድምፅ ነበር። በመለኪያው ሕግ ከውጭ የመጣ ነው፤ የመጣውም በእርግጥ ከውጭ ነበር፤ ነገር ግን ማንም ጣቢያ አልተናገረውም። ተቀባዩን ተሸክመን ወደ ደረቁ የአሸዋ ወንዝ ስንወርድ ድምፁ ጠፋ፤ ስንመለስ ተመለሰ፤ በመጨረሻም በአቅራቢያችን ያለ የዛገ ቆርቆሮ ከሽቦ ጋራ በተነካካበት ቦታ ብርቱዎቹን ጣቢያዎች እየተቀበለ ደባልቆ ይረጫቸው እንደ ነበር አገኘነው። እንግዲህ የእኔ መቀነስ የሚነግረኝ ሐሰቱ በእኔ ውስጥ እንዳልተወለደ ብቻ ነው፤ በጎረቤቴ ዝገት የተወለደውን ግን እንደ እውነት አድርጎ ያሳልፍልኛል። እርሱን ለመለየት በሌላ ስፍራ የቆመ ሌላ ተቀባይ ያስፈልጋል።

ብላቴናው ሳሙኤል በሴሎ ተኝቶ ሳለ ስሙ ሲጠራ ሰምቶ ሦስት ጊዜ ወደ ካህኑ ወደ ዔሊ የሮጠው ድምፁን ስላልሰማ ሳይሆን ምንጩን ለይቶ ስላላወቀ ነበር። ዔሊ ግን ዓይኖቹ ፈዝዘው፣ ጥሪውንም በገዛ ጆሮው ሳይሰማ፣ በሦስተኛው ጊዜ ነገሩ ከማን እንደ ሆነ አስተዋለ፤ ብላቴናውም ተመልሶ እንዲተኛ፣ ደግሞ ቢጠራ ምን ብሎ እንዲመልስ ነገረው። በዚያች ሌሊት የመጣው መልእክት በዔሊ በራሱ ቤት ላይ የተቈረጠ ፍርድ ነበር። ሲነጋ ሳሙኤል ሊነግረው ፈራ፤ ዔሊም አንዲት ቃል እንዳይሸሽገው አዘዘው፤ ሰምቶም ተቀበለው።